ከቴል አቪቭ ዴልሂ በአየር፦ ገጹ 5 ሰዓት ይላል፣ ቲኬቱ ሌላ ይላል

እናት_ነታንያ (ነታንያ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ሠራዊቱን ጨርሳ ከጓደኞቿ ጋር ህንድ ልትሄድ ነው። እዚህ አገር ብዙ ወጣት ከሠራዊት ሲወጣ የሚያደርገው ነውና አልከለከልኳትም። ቲኬቷን አብረን ስናየው ግን ሰዓቱ ሊገባኝ አልቻለም።

ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቼ ቴል አቪቭንና ዴልሂን ሳስገባ 4,050 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 5 ሰዓት ገደማ አለኝ። ቲኬቱ ላይ ደግሞ ስትሄድ ከቀኑ 11 ሰዓት ተነሥታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ትደርሳለች። ስቆጥረው 9 ሰዓት ከሩብ ነው። ስትመለስ ከቀኑ 7 ሰዓት ተነሥታ በ10 ሰዓት ተኩል ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች፤ ይኼ 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቀጥታ በረራ ነው፣ የትም አያርፍም። ያው መንገድ ሲሄዱበት ዘጠኝ፣ ሲመለሱበት ሦስት ተኩል እንዴት ይሆናል? ደግሞስ በየትኛው አገር ሰማይ ላይ ነው የሚያልፈው? የምታውቁ ንገሩኝ፤ እናት ነኝና ያሳስበኛል።

ቲኬት_ቤት (ሪሾን ለጽዮን)

እናቴ፣ ቲኬቱ ትክክል ነው፤ አያስቡ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በእስራኤል ሰዓት፣ መድረሻው በህንድ ሰዓት። አሁን በብርዱ ወራት ህንድ ከእኛ 3 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። እዚህ የበጋ ሰዓት ሲጀመር ደግሞ ልዩነቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ግማሿ ሰዓት የመጣችው ህንድ አገሩን በሙሉ በአንድ ሰዓት ስለምታስተዳድርና ሰዓቷን በ82 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስለወሰነች ነው።

ስለዚህ ከመሄጃው 9 ሰዓት ከሩብ ላይ 3 ሰዓት ተኩል ይቀንሱ፦ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። መመለሻው ላይ ያንኑ ይጨምሩ፦ 7 ሰዓት። ልጅዎ አውሮፕላን ውስጥ የምትቀመጠው ይኼን ያህል ነው።

እናት_ነታንያ

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ይኼኛው ገብቶኛል። ግን አሁንም 5፡45 አለ፣ 7 ሰዓት አለ፣ የገጹ 5 ሰዓት አለ። ሦስቱም ስለ አንድ መንገድ ነው የሚያወሩት።

መሐንዲሱ (ሐይፋ)

4,050 የሚለውን እኔም አስልቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ገጹ የሚያደርገው መሬትን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ሉል አድርጎ ወስዶ፣ ከቤን ጉሪዮን እስከ ዴልሂው ኢንዲራ ጋንዲ አውሮፕላን ማረፊያ በሉሉ ገጽ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር መለካት ነው። ከዚያ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካፍሎ 5 ሰዓት ይላል። ነፋስ አያውቅም፣ ድንበር አያውቅም፣ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ተራ ሲጠብቅም አያውቅም።

አሁን ይህ አጭር መስመር በየት እንደሚያልፍ እዩ። ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ካርታ ከቴል አቪቭ ዴልሂ በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ ከመነሻው ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል፤ ዴልሂ ከእኛ ትንሽ ወደ ደቡብ ናትና። በሉሉ ላይ ግን መጀመሪያ በትንሹ ወደ ሰሜን ያደላና ቅስት ይሠራል። ዮርዳኖስን፣ ኢራቅን፣ መካከለኛውን ኢራን፣ ደቡብ አፍጋኒስታንን፣ ፓኪስታንን አቋርጦ ነው ዴልሂ የሚገባው። የአገሮቹን ስም እንደገና አንብቡና ከቤን ጉሪዮን የተነሣ አውሮፕላን በዚህ ያልፍ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። 4,050 ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ያለ ርቀት ነው እንጂ ማንም የሚበርበት አይደለም።

ገጾቹን ለሚያነጻጽር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ ገጽ 2,516 ማይል፣ ሌላው 2,187 ማይል ቢላችሁ አትደናገጡ። የመጀመሪያው የየብስ ማይል ነው። ሁለተኛው አብራሪዎች የሚቆጥሩበት የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱ ያው ነው።

የጎንደር_ልጅ (አሽዶድ)

እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው። መሬት የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። አውሮፕላኑ ከዴልሂ ወደ ምዕራብ ሲመጣ ቴል አቪቭ ራሷ ወደ እሱ እየመጣች ነው ማለት ነው። ታዲያ መመለሻው ማጠር ሲገባው እንዴት 7 ሰዓት ሆነ? ቲኬት ቤት፣ ሂሳቡን ገልብጠኸው እንዳይሆን እይው።

ቲኬት_ቤት

አልገለበጥኩትም ወንድሜ። ከህንድ ወደዚህ የሚመጣው ይረዝማል፤ በብርዱ ወራት የሚሸጠውን ፕሮግራም ሁሉ ብታይ ይኼንኑ ታገኛለህ። ምክንያቱን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያስረዳ።

የሰማይ_መንገድ (አዲስ አበባ)

በበረራ ዲስፓቸርነት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሥራው አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት መንገዱን፣ ነዳጁንና የአየሩን ጠባይ ማስላት ነው። እስቲ ልሞክር።

የጎንደር ልጅ፣ ያነሣኸውን ብዙ ሰው ያነሣዋል። በዴልሂና በቴል አቪቭ ኬክሮስ አካባቢ የመሬት ገጽ በሰዓት ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። አውሮፕላኑ የሚበረው 900 ገደማ ነው። አንተ እንዳልከው ቢሆን ወደ ምሥራቅ የሚሄድ አውሮፕላን ዴልሂን እስከ ዘላለሙ አይደርስባትም ነበር። አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ የሚበረው በዚያው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ የመሬት መዞር ለሰዓቱ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ነፋሱ ነው።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የምንለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በብርዱ ወራት ከሰሜን አፍሪካ ጀምሮ በሰሜን ሳዑዲ፣ በኢራንና በሰሜን ህንድ ላይ ይዘረጋል። በሰዓት 150 እና 200 ኪሎ ሜትር የሚነፍስበት ቀን ብዙ ነው፤ ከዚያም ያልፋል። በወንዝ ላይ እንዳለ ታንኳ ነው። ቀዛፊው ያው ነው፣ ጉልበቱም ያው ነው፤ ከወንዙ ጋር ሲወርድ ዳርቻው ቶሎ ያልፋል፣ ሽቅብ ሲወጣ ይዘገያል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ሲሄድም ሲመለስም 900 ነው የሚበረው። ነፋሱ በአማካይ 100 ቢሆን ግን ከመሬቱ አንጻር ሲሄድ 1,000፣ ሲመለስ 800 ይሆናል።

መሐንዲሱ ያሰመረውን ትተን በሚበርበት መንገድ እናስላ። ከቤን ጉሪዮን በዮርዳኖስና በሳዑዲ አድርጎ እስከ ኦማኗ ሙስካት 2,480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሙስካት የዓረብ ባሕርን አቋርጦ በምዕራብ ህንድ እስካለችው አሕመዳባድ 1,460፣ ከአሕመዳባድ ዴልሂ 760። በጠቅላላው 4,700 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአየር መንገዶቹ ነጥቦች በትክክል ከተማዎቹ ላይ አይደሉም፤ በየቀኑም ይቀያየራሉ፣ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1,000 ሲካፈል 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ፣ በ800 ሲካፈል 5 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። በዚህ ላይ ለመነሻ፣ ለመውጣት፣ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ጎማ ከመሬት ከተነሣ እስኪያርፍ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተንቀሳቀሰበት እስከሚደርስበት በር ነው የሚቆጠረው። አየር መንገዶች ለወረፋና ለመጨናነቅ ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጣሉ። 5፡45 እና 7፡00 የመጣው ከዚህ ነው። እናታችን፣ ሁለቱም ሰዓት ሐቀኛ ነው።

የጎንደር_ልጅ

እሺ ጋሼ። ነፋስ ከሆነ ግን በጋ ላይ ልዩነቱ መጥበብ አለበት፤ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምምና።

የሰማይ_መንገድ

ይጠባል። በሰኔና በሐምሌ ያ ነፋስ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እንዲያውም በዝናቡ ወራት በደቡብ ህንድና በዓረብ ባሕር ላይ፣ በከፍታው፣ ነፋሱ ተገልብጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ከሙምባይ ወደ ምዕራብ ለሚወጣ አውሮፕላን ይህ ስጦታ ነው። በጥር የምንሞላውና በሐምሌ የምንሞላው ነዳጅ ለዚህ ነው የማይገናኘው።

እናት_ነታንያ

ሁላችሁንም እግዜር ይባርካችሁ። ስለ ሰማዩ የጠየቅሁት ግን ይቀራል። በሳዑዲ ላይ አላችሁ። እኛ በመጣንበት ዘመን የእስራኤል አውሮፕላን በሳዑዲ ላይ ያልፋል ቢባል ማንም አያምንም ነበር።

ዘመን_ዘገባ (ኢየሩሳሌም)

እናቴ፣ በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ዋናው ነገር እርስዎ ያነሡት ነው፤ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

አገሮች ስለ አየር በረራ እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈራረሙት የቺካጎ ስምምነት የመጀመሪያው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉና ብቸኛ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ያ ማለት አንድ አገር «በሰማዬ አታልፍም» ካለ አለቀ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሰባ ዓመት ያህል ወደ እስራኤል ለሚሄድም ከእስራኤል ለሚመጣም አውሮፕላን ሰማይዋን ዘግታ ኖረች። ኢራን ከእስላማዊው አብዮት ወዲህ ተዘግታለች። ፓኪስታን እስራኤልን በአገርነት አታውቅም።

ታዲያ የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አል ሙምባይ እንዴት ይሄድ ነበር? ከቤን ጉሪዮን ተነሥቶ በኤላት አድርጎ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ወደ ኢትዮጵያ አቅጣጫ ማለት ነው። የቀይ ባሕር መውጫ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና የኤደን ባሕረ ሰላጤንና የዓረብ ባሕርን አቋርጦ ህንድ ይገባል። ሙምባይ ከቴል አቪቭ ልክ እንደ ዴልሂ 4,050 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ይህን ዙሪያ ስለካው ወደ 5,600 ኪሎ ሜትር መጣልኝ። ትርፉ 1,500 ኪሎ ሜትር ሲሆን በጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ህንድ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ አባቶቻችን አገር መውረድ ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 ነገሩ ተቀየረ። የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ከዴልሂ ተነሥቶ በኦማንና በሳዑዲ ሰማይ አልፎ ከሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ቤን ጉሪዮን አረፈ። ወደ እስራኤል የሚሄድ የመንገደኛ በረራ በሳዑዲ ላይ በይፋ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። ፈቃዱ የተሰጠው ግን ለህንዱ አየር መንገድ ነው እንጂ ለእስራኤሉ አልነበረም። ኤል አል ውድድሩ እኩል አይደለም ብሎ ለእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ። እኔ ኤል አል እውነት ነበረው እላለሁ፤ በአንድ ገበያ አንዱ በአቋራጭ ሌላው በዙሪያ ሊሮጥ አይገባም።

ከዚያ በኦገስት 31 ቀን 2020 የኤል አል አውሮፕላን የእስራኤልና የአሜሪካ ልዑካንን ይዞ በሳዑዲ ላይ አልፎ አቡ ዳቢ ገባ። በጁላይ 2022 ሳዑዲ ሰማይዋን መስፈርቱን ለሚያሟላ አየር መንገድ ሁሉ ከፈተች። ያም ሆኖ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚሄድ አልበቃም፤ ከሳዑዲ ቀጥሎ ኦማን አለችና። ሰባት ወር ተጠበቀ። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023 ኦማን ከፈተች፣ በቀናት ውስጥ የኤል አል ባንኮክ በረራ በሁለቱም ላይ አልፎ ሄደ። ወደ ታይላንድ የሚወስደው መንገድ በሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ አጠረ።

ከተሞቹ አልተንቀሳቀሱም። ያ ሁሉ ሰዓት የተገኘው ከፊርማ ነው።

ሻንጣ_በጀርባ (ቤር ሼቫ)

በድሮው መንገድ ሙምባይ የሄድኩ ሰው ነኝ። ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ካርታው አውሮፕላኑን በምጽዋ ትይዩ፣ ከዚያም በአሰብ ትይዩ ሲያሳይ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ «ተሳስተን ሌላ አውሮፕላን ተሳፈርን እንዴ?» አለኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል አለፈ ሲያርፍ። ኋላ ሰማዩ ሲከፈት ባንኮክ ሄድኩ፤ በበረሃው በሳዑዲ ላይ በጨረቃ አለፍን፣ በታች የከተማ መብራት ይታያል። ወላጆቼ በሱዳን በእግር የመጡ ናቸው፤ በየአገሩ ድንበር ማን እንደሚያሳልፍና ማን እንደሚከለክል እነሱ ያውቃሉ። ለእኔ ይኼ መንገድ መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዶሐ_ላይ (ዶሐ)

ሰላም እህት ወንድሞች። የእናንተን ሳነብ የኛው ሠፈር ትዝ አለኝ። የኳታሯ ዶሐና የባሕሬኗ ማናማ በአየር 147 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ሻይ ሳይቀርብ ነው የሚደረሰው። በጁን 2017 ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ግንኙነት ሲያቋርጡ ሰማዩም ተዘጋ። ዶሐ ያለች እህት ማናማ ያለችውን እህቷን ለማየት በሙስካት ወይም በኩዌት መዞር ግድ ሆነ። በሙስካት ከሆነ 700 ኪሎ ሜትር ሄዳ፣ ወርዳ፣ ሰዓታት ጠብቃ፣ 825 ኪሎ ሜትር ትመለሳለች። ለ147 ኪሎ ሜትር ከ1,500 በላይ ማለት ነው። ከአሠሪ የሁለት ቀን ፈቃድ ያገኘች ልጅ ሁለቱን ቀን በመንገድ ትጨርሰዋለች።

እርቁ በጃንዋሪ 2021 በሳዑዲዋ አል ዑላ ተፈረመ። የዶሐና የማናማ በረራ የተመለሰው ግን በሜይ 2023 ነው። ከእርቁ በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ርቀት አስሊው ገጽ በነዚያ ዓመታት ሁሉ «147 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ» እያለ ነበር። በዚህ ተመርተው ዕቃ የሸከፉ ሴቶች አውቃለሁ። ለዚህ ነው ገጾቹ ከቁጥሩ በታች «በዚህ መስመር ቀጥታ በረራ አለ ወይስ የለም» ብለው መጻፍ አለባቸው የምለው።

ሻንጋይ_የተማረ (አዲስ አበባ)

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የታይዋኗ ታይፔና የቻይናዋ ሻንጋይ ናቸው። በመካከላቸው 675 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻንጋይ ከታይፔ ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት። ለአሥርት ዓመታት ግን መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሆንግ ኮንግ ወይም ማካዎ ወርዶ፣ አውሮፕላን ቀይሮ፣ ወደ ሰሜን ይመለስ ነበር። በጁላይ 2008 የቅዳሜና እሑድ ቀጥታ በረራ ተፈቀደ ተባለ። ያኔም አውሮፕላኑ አላረፈም እንጂ በሆንግ ኮንግ የአየር ክልል በኩል መዞሩ አልቀረለትም። ያ የቀረው በዲሴምበር 15 ቀን 2008 ባሕሩን በቀጥታ የሚያቋርጥ መንገድ ሲከፈት ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ትምህርት ቤት አብረውኝ የነበሩ የታይዋን ልጆች የድሮውን ሲያወሩ አንድ ሙሉ ቀን ይሄድባቸው እንደነበር ነው የሚናገሩት።

የጎንደር_ልጅ

ታዲያ አሁን ሁሉም ተከፍቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚያሰጋ የለም ማለት ነው?

የሰማይ_መንገድ

እንዲህ አይባልም። የተከፈተ ይዘጋል። በኤፕሪል 24 ቀን 2025 ፓኪስታን ሰማይዋን ለህንድ አየር መንገዶች ዘጋች፤ ህንድም በቀናት ውስጥ ለፓኪስታን ዘጋች። እገዳው በዚያ ዓመት በየወሩ ሲታደስ ቆየ። ከላይ መንገዱን በአሕመዳባድ ያሳለፍኩት ለዚህ ነው። በፓኪስታን ላይ ማለፍ ቢቻል ከሙስካት በቀጥታ ወደ ዴልሂ 1,960 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአሕመዳባድ ሲዞር 2,220 ይሆናል። ለዚህ መስመር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ይቻላል።

የማይቻልበት ግን አለ። ዴልሂና የኡዝቤኪስታኗ ታሽኬንት 1,580 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ግን ፓኪስታን መካከል ላይ ናት። የህንዱ አየር መንገድ ኢንዲጎ ወደ ታሽኬንትና ወደ ካዛኪስታኗ አልማቲ የሚበርባቸው አውሮፕላኖች ዙሪያውን የሚያደርስ አቅም ስለሌላቸው ሁለቱንም መስመር በዚያው ሳምንት አቋረጠ። በጁን 2025 ደግሞ እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ የእስራኤል፣ የኢራን፣ የኢራቅ፣ የዮርዳኖስና የሌሎችም ሰማይ ተዘግቶ ነበር። ያን ቀን የዲስፓቸር ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። በአየር ላይ ያለውን ወዴት እንደምትመልሰው፣ ነዳጁ የት እንደሚያደርሰው ነው የምታስበው።

እናታችን፣ ይህን የምለው ላስጨንቅዎ አይደለም። አውሮፕላን ለመንገዱ ብቻ ነዳጅ ሞልቶ አይነሣም። ለመንገዱ የሚበቃውን ይይዛል፣ ላልታሰበ ነገር ተጨማሪ ይይዛል፣ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርሰውን ይይዛል። ከዚያ ሁሉ በኋላም የማይነካ የሠላሳ ደቂቃ መጠባበቂያ አለ። መንገዱ የሚመረጠው በዚያው ቀን በወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ችግር ካለ ልጅዎ ቤን ጉሪዮን ቁጭ ትላለች እንጂ አትነሣም።

እናት_ነታንያ

ተባረክ ወንድሜ፣ ልቤ አረፈ። ልጄ ስልኬ ላይ አውሮፕላኑን የሚያሳይ ነገር ጭናልኛለች። እስክትደርስ እሱን ነው የማየው።

ሻንጣ_በጀርባ

እማዬ፣ ስለሱ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ እናቴ ባለማወቋ ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቃ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ያስደነግጥዎታል። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጀመረው የጋዛ ጦርነት ወዲህ በእኛ አካባቢ የጂፒኤስ ሞገድ ይረበሻል። ቴል አቪቭ ተቀምጠን ስልካችን ቤይሩት ነን ሲለን አልነበር? አውሮፕላኑም ከቤን ጉሪዮን እንደተነሣ በካርታው ላይ ቤይሩት ወይም ሌላ ቦታ ሊታይ ይችላል። እዚያ አልሄደም። አብራሪዎቹ ሌላ መሣሪያ አላቸው፣ የመሬት ራዳርም ያያቸዋል።

ሁለተኛ፣ ከኦማን ወጥቶ ባሕሩ መሃል ሲገባ ከካርታው ሊጠፋ ይችላል። መተግበሪያው የሚያየው መሬት ላይ በተተከሉ ተቀባዮች ነው፤ እነሱ የሚደርሱት እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ላይ ተቀባይ የለም። ህንድ ዳርቻ፣ ጉጃራት አጠገብ፣ ተመልሶ ይታያል። በዚያ መካከል ይተኙ።

ቲኬት_ቤት

የዴልሂን ጭጋግ አትርሱ። በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ ሌሊትና ንጋት ላይ ዴልሂ በጭጋግ ትሸፈናለች፤ በረራ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ጃይፑር ወይም ሌላ ከተማ ያርፍና ጭጋጉ ሲገፈፍ ይመጣል። 8 ሰዓት ከሩብ ከሌሊቱ ልክ የጭጋጉ ሰዓት ነው። ልጅቷ በማግሥቱ ጠዋት የባቡር ቲኬት ይዛ ከሆነ ወደ ከሰዓት ትቀይረው።

ዶሐ_ላይ

ቲኬት ቤት፣ እኔም አንድ ልጠይቅ። የሚነሡት ሰኞ ነው እንበል። የሆቴሉን ቀን የትኛውን ነው የሚይዙት? እዚህ ብዙ ሰው በዚህ ሲጎዳ አይቻለሁ።

ቲኬት_ቤት

ጥሩ አነሣሽው እህቴ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገና «ሰኞ ሌሊት» ነው። ቲኬቱ ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር ማክሰኞ 02:15 ብሎ ይጽፋል፤ ከጎኑ +1 ታያላችሁ። ሆቴል ደግሞ የሚቆጥረው በሌሊት ነው። ማክሰኞ ብለው ቢይዙ ክፍሉ የሚሰጣቸው ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደርሰው ሎቢ ላይ መቀመጥ ይሆናል። ለሰኞ መያዝ አለባቸው፣ «ሌሊት እንደርሳለን» ብለውም አስቀድመው ይጻፉላቸው። አለዚያ አልመጡም ብሎ ክፍሉን ለሌላ ይሰጣል።

እናት_ነታንያ

ጠየቅኋት። ማክሰኞ ነው የያዙት። አሁን ስልክ ላይ ናት፣ ወደ ሰኞ እያስቀየረች ነው።